ልጄን የሣጥን ጠባቂ ላደረጉልኝ ክቡር ሹም

መጋቢት 4 ቀን 1965 ዓ.ም.
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

ለውጭ አገር ትምህርት አመራረጥ ጽሕፈት ቤት ክቡር ዋና ሹም
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ኅዳር ደጅዎ ስመጣ ጸሐፊዎ «ክቡርነታቸው ወገባቸውን አሟቸዋል» ብላኛለች፤ በታኅሣሥ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ በጥር ደግሞ «ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተዋል» ተብያለሁ። ስለዚህ ወገብዎ ተሽሎት፣ ስብሰባውም ተፈጽሞ፣ ከጠቅላይ ግዛትም በደኅና ተመልሰው፣ ይህ ደብዳቤ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ ዘመነችም ጤና ይስጥልኝ ብላለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለችውን ግን በጽሑፍ ማስፈር ለክቡርነትዎ ማዕረግ የሚመጥን ሆኖ አላገኘሁትም።

ደብዳቤዬን ግልጽ ማድረጌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልኬ መልስ ስላጣሁ፣ ምናልባት ማሸጊያው አስቸግሮዎት እንደሆነ ብዬ አራተኛውን ሳላሽገው ቀርቻለሁ። ጋዜጣ ቤት ወስጄው ነበር፤ «አባቴ፣ ይህን ይዘው ቢገቡ ይሻልዎታል» አሉኝ። ምክራቸውን ተቀብዬ ግልባጩን ኮልፌ ገበያ ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ማር ሊገዛ የሚመጣው ሁሉ ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችለውም እያስነበበ ይሰማዋል።

እኔ ዱባለ ወልደሰንበት እባላለሁ። ከከፋ መጥቼ በዚህ ገበያ ማርና ኮረሪማ መነገድ ከጀመርኩ ሃያ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ቢያገኙ ለትምህርት ያለኝን ፍቅር እንጂ ንቀት አያሳይብኝም። ልጄ ብርቅዬ ግን ከቤታችን የመጀመሪያዋ፣ ከሰፈራችንም ከሴት ወገን የመጀመሪያዋ ሆና በባዮሎጂ ዲግሪዋን ያገኘች፣ ከዚያም ሴት ልጆችን ሳይንስ ያስተማረች ናት። አስተምራ ስትመለስ እጇ ላይ ጠመኔ፣ ኪሷ ውስጥ ደግሞ አንዳች ድንጋይ አይጠፋም ነበር። አፈር ትወዳለች፣ ክቡር ሆይ። ከጦር ኃይሎች ፌርማታ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ሦስት ቦታ ጎንበስ ብላ አፈር በጣቷ ታሽና «አባባ፣ ይሄ ቀዩና ያኛው ጥቁሩ ዘመድ አይደሉም» ትለኝ ነበር። እኔ የማየው ጫማዬን ነበር።

ጊዜዎ የተጣበበ መሆኑን ስለማውቅ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምስጋናዬን፣ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤትዎ ለልጄ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ሰጥቶ፣ ከሁለት ትምህርቶች አንዱን እንድትመርጥ ስለፈቀደላት አመሰግናለሁ። አንደኛው ቤይሩት ሄዳ የሳይንስ መምህራን አሠልጣኝ ለመሆን ነበር፤ ለዚህኛው አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ስትመለስ የምትይዘውን ቦታ በደብዳቤ አረጋግጦላት ነበር። ሁለተኛው ሆላንድ ሄዳ የአፈር ምርመራ ለመማር ነበር፤ ለዚህኛው የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ የክቡርነትዎ ቃል ነበር። ክቡርነትዎም ሁለተኛውን እንድትመርጥ ቢሮዎ ድረስ አስጠርተው መከሯት። የሆላንድ ተማሪዎች ኮታ እንዳይጎድልባቸው ነው የሚሉ ክፉዎች አሉ፤ እኔ ግን ለልጄ በማሰብ ነው ባይ ነኝ።

ያን ቀን የክት ኮቴን ለብሼ አብሬያት መጥቼ ነበር። ከጀርባዎ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፦ ባለ ሦስት ፎቅ የአፈር ምርመራ ሕንፃ፣ በሩ ላይ ነጭ መኪና፣ ከመኪናው ጎን ዛፍ፣ ዛፉ ሥር ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት። ጣትዎን ሴትዮዋ ላይ አድርገው «ይቺ አንቺ ነሽ» አሏት። እኔ ዕንባዬ መጣ። ብርቅዬ ሥዕሉን በደንብ ካየች በኋላ ግን፣ በጣም በጨዋ አነጋገር፣ «ከእኔ በፊት ለዚህ ትምህርት የተላኩት ተመልሰው አሁን ምን ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀችዎ።

«ሁሉም በየቦታቸው ናቸው» አሉ ፈገግ ብለው።

«ስማቸውን ማግኘት እችላለሁ? ከመምረጤ በፊት ሄጄ ላነጋግራቸው ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ፈገግታዎ ጠፋና ወደ እኔ ዞረው «አቶ ዱባለ፣ ልጅዎ የመጣችው ለትምህርት ነው ወይስ ለምርመራ?» አሉኝ። ልትማር የምትሄደው ምርመራ እንደ ነበር በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁዎ።

፪ኛ፦ «ሁሉም በየቦታቸው ናቸው» ያሉት ቃል እውነት ሆኖ ስለተገኘ አመሰግናለሁ። ልጄ ስማቸውን ከጽሕፈት ቤትዎ ባታገኝም ከጓደኞቿ እየጠየቀች፣ በሦስተኛው ሳምንት ከእርሷ በፊት ለዚሁ ትምህርት ከተላኩት አንዱን፣ አቶ ገሜዳ የሚባሉትን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት አገኘቻቸው። ቦታቸው መዝገብ ቤት ነው። የሚገባውን ደብዳቤ ቁጥር ይሰጡታል፣ የሚወጣውንም ቁጥር ይሰጡታል። የነገሯትን ልጄ ቃል በቃል ስለነገረችኝ እኔም ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦ «እህቴ፣ እኔን አይተሽ ወስኚ። ሦስት ነበርን። አንዱ እዚያው ሆላንድ ቀረ፤ አንዱ የሚስቱን ሱቅ ይጠብቃል፤ እኔ ይኸው እዚህ ነኝ። ትምህርቱ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም እንደሱ ደስ የሚል አላየሁም። የሚቀበልሽ ቤት ግን የለውም። ሥዕሉን አሳይተውሻል አይደል? ለእኔም አሳይተውኛል፤ ያኔ መኪናው ጥቁር ነበር።»

፫ኛ፦ በዚህ ቁጥር ሥር የሚወቀሰው ሰው ክቡርነትዎ ስላልሆኑ ትንሽ ዐረፍ ይበሉ።

ብርቅዬ የአቶ ገሜዳን ነገር ስትነግረኝ ሱቄ ውስጥ ማር እየተረከብኩ ነበር። ማር ስረከብ ረጅም ዘንግ በእንስራው አፍ አስገብቼ፣ እስከ ታች ሰድጄ፣ ከታች ይዞ የወጣውን ሳልቀምስ አልገዛም፤ ከላይ ማር ሆኖ ከታች ስኳር የተዘፈዘፈበት ስንት እንስራ አይቻለሁ። ልጄ ዘንጉን እጄ ላይ አየችውና «አባባ፣ እኔም እኮ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እስከ ታች ሰደድኩት፤ ታች ምንም የለም። ቤይሩቱ ይሻለኛል» አለችኝ።

ደንበኞቼ እየሰሙ ነበር። «ማርና መንግሥት አንድ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። «ማኅተም ካለው ሹምና ከአንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚታመነው ማን ነው? ሰውዬው ሰነፍ ይሆናላ! ሰፈሩ ሁሉ ብርቅዬ ሆላንድ ልትሄድ ነው እያለ አሁን ምን ልበለው?»

ልጄ ክርክር የማይሰለቻት ነበረች። አንድ ነገር ካመነች እናቷንም፣ እኔንም፣ ቤታችን ለጸሎት የሚሰበሰቡትን ሽማግሌዎች ሳይቀር ይዛ የምትሟገት ነበረች። ያን ቀን ግን ዘንጉን እስካስቀምጥ ድረስ አየችኝና «እሺ አባባ» አለች። በማግሥቱ መጥታ ፈረመችልዎ።

ክቡርነትዎ ቃል ሰጥተው ቀርተዋል፤ ይህ በሹመት የሚያጋጥም ነገር ነው። እኔ ግን ልጄ ጠይቃ፣ ፈልጋ፣ አግኝታ የመጣችውን እውነት ከአፏ መልሼባታለሁ። ለዚህ የምጽፍለት ጽሕፈት ቤት ስላላገኘሁ እዚሁ እንዲመዘገብልኝ እለምናለሁ።

፬ኛ፦ ስለ አቀባበሉ አመሰግናለሁ። ልጄ ትምህርቷን በማዕረግ ጨርሳ በሐምሌ 1963 ዓ.ም. ተመለሰች። ሻንጣዋ ግማሹ መጽሐፍ ነበር። በሳምንቱ ሕንፃውን ልናይ አብረን ሄድን፤ ሣር ነበር፤ ሁለት አህዮች ይግጡበት ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ስትመጣ «ሙያሽ ገና አገር ውስጥ አልገባም፤ ታገሺ» ተባለች። ሙያው ከእርሷ ጋር በአንድ አውሮፕላን እንደመጣ የሚያስረዳላት ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ወር ኮሪደርዎ ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ወደ መምህራን ማሠልጠኛው ሄዳ ነበር፤ ቦታውን ቤይሩት የተማረ ሌላ ሰው ይዞታል። አይፈረድባቸውም፤ እነርሱ የጻፉትን አክብረው ቤይሩት ለሄደው ሰው ቦታውን ሦስት ዓመት ጠብቀውለት ነበር።

በዚያ ወራት ጠዋት ጠዋት ቀሚሷን ተኩሳ፣ ማስረጃዋን በካኪ ፖስታ ይዛ ስትወጣ እናቷ በመስኮት ታያትና ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እኔም ወደ ሱቅ እሄድ ነበር። በቤታችን ስለ ሆላንድ ማውራት ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ ስላቃተኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በሰኔ 1964 ዓ.ም. ሥራ ሰጧት። ለካ ለዚያ ሕንፃ የታዘዙት የአፈር መመርመሪያ መሣሪያዎች ከልጄ ቀድመው አገር ገብተው፣ ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ በአርባ አንድ የእንጨት ሣጥን ታሽገው ተቀምጠው ኖረዋል። ልጄም የሣጥኖቹ ጠባቂ ሆና ተመደበች። ጠዋት ትቆጥራቸዋለች፣ ትፈርማለች፤ ሲመሽ ትቆጥራቸዋለች፣ ትፈርማለች። የተማረችባቸው መሣሪያዎች ናቸው። በየሣጥኑ ላይ ያለውን የባዕድ ጽሑፍ አንብባ በውስጡ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚገጠም ታውቃለች። እንዳትከፍታቸው ግን በጽሑፍ ተነግሯታል፤ የሚከፈቱት ኮሚቴ ሲቋቋም ነው።

በነሐሴ የመጋዘኑ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው ሣጥኖቹ ላይ ይወርዳል ብላ ጻፈች። ደግማ ጻፈች። ለሦስተኛ ጊዜ በራሷ እጅ ይዛ መጣች። ኮሚቴው ሲቋቋም ይታያል ተባለች።

አንድ ቀን ምሳዋን ቤት ረስታ ስለወጣች እኔው ይዤላት ሄድኩ። ያየሁትን ልንገርዎ። በጣም የረጠበውን አንዱን ሣጥን ከፍታዋለች። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አንጥፋ፣ በላዩ ላይ ትንንሽ የናስና የመስተዋት ዕቃዎችን በተራ ደርድራ፣ አንድ በአንድ በሻሿ እየጠረገች ነበር። ስታየኝ አልደነገጠችም። «አባባ፣ ይምጡ፤ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። «ይሄ ሚዛን ነው፤ አንዲት ፀጉር ቢያስቀምጡበት ያውቃታል። ይሄ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ነው።» ከደጃፉ ትንሽ አፈር በጥፍሯ ቆንጥራ አመጣችና በመስተዋቱ መሐል አድርጋ ዐይኔን እንዳስጠጋ ነገረችኝ። አስጠጋሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የረገጥኩት የኮልፌ አፈር ነው፤ እንደ ተሰባበረ ብርሌ ቀይና ቢጫ ሆኖ ያበራ ነበር። «አየህ?» አለችኝ። «አየህ» አለችኝ፤ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እርስዎ ስትለኝ የኖረች ናት፤ ደስታዋ አስረስቷት ነው። ከሆላንድ ከተመለሰች ወዲህ ፊቷ ሲበራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምሳዋን ሳትበላው ቀረች።

በዘጠነኛው ቀን በክቡርነትዎ ፊርማ የተላከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። «ከሥራ መደቧና ከሙያዋ ውጭ በሆነ ሁኔታ የመንግሥት ዕቃ ከፍታ በመገኘቷ» ይላል። ፍጥነቱን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ጣራው ሦስት ደብዳቤ ተጽፎለት ያላገኘውን መልስ አንዲት ሣጥን ያለ አንዳች ማመልከቻ አግኝታለች።

ልጄ ደብዳቤውን ሱቅ አምጥታ ሰጠችኝ። አንብቤ ጨረስኩ። «ከሙያዋ ውጭ ይላል፣ አባባ» አለች። አላለቀሰችም። እኔ ያን ቀን እንድትወቅሰኝ ጠበቅሁ። ነግሬዎት አልነበረም ወይ እንድትለኝ፣ ያንን ዘንግ አንሥታ በሩ ላይ እንድትሰብረው ጠበቅሁ። እርሷ ግን ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለእናቷ ቅመም ገዝታ እንደምትገባ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ እንዴት ነው ስላት «ደኅና ነው አባባ» ትለኛለች። ውሃ ስጠይቃት ተነሥታ በሁለት እጇ ትሰጠኛለች። ልክ እንደ እንግዳ ታከብረኛለች፣ ክቡር ሆይ። ከእንግዳ ጋር ደግሞ ማንም አይከራከርም።

አሁን ወደ መጨረሻው ምስጋናዬ ልምጣ። ባለፈው ወር የጎረቤቴ የሱፍ ነጋዴው ልጅ ጫልቱ፣ ዘንድሮ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የምትጨርሰው፣ ጽሕፈት ቤትዎ አዲስ ያሳተመውን ባለ ቀለም መጽሔት ይዛ ወደ ቤታችን እየሮጠች መጣች። «እትዬ ብርቅዬ፣ እዪ! እኔም እንደ አንቺ መሆን እፈልጋለሁ!» ገጽ ሰባት ላይ የልጄ ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩም «ወይዘሪት ብርቅዬ ዱባለ፤ በሁለተኛ ዲግሪ ተመርቀው ዛሬ በከፍተኛ ኃላፊነት ላይ የሚገኙ፣ በየቀኑ ከዘመናዊ የአፈር መመርመሪያ መሣሪያዎች ጋር የሚውሉ» ተብሎ ተጽፏል። ከአንድ ጊዜ በላይ አነበብኩት። አንዲት ሐሰት አጣሁበት። እውነትን እንዲህ አድርጎ መጻፍ የሚችል ሰው በጽሕፈት ቤትዎ ስላለ እንኳን ደስ ያለዎ።

ብርቅዬ መጽሔቱን ተቀብላ ገጽ ሰባትን አነበበች። የምትጥለው መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ጫልቱን አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ትምህርቱ ጥሩ ነው» አለቻት። «እኔ ዛሬም እወደዋለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ከመምረጥሽ በፊት ትምህርቱን ብቻ አትጠይቂ። የሄዱትን ጠይቂ። ሁሉም ደኅና ናቸው ሲሉሽ ስም ስጡኝ በዪ። ስም ሲሰጡሽ ሄደሽ ጠረጴዛቸውን እዪ፤ ምን እንደሚሠሩ ሳይሆን ትናንት ምን ሠርተው እንደዋሉ ጠይቂያቸው። ሕንፃ አለ ካሉሽ ግድግዳውን በእጅሽ ንኪው። እኔ ጋም ነይ፤ ነገ መጋዘን ነይና እኔን እዪኝ።»

ጫልቱ መጽሔቱን አየች፣ ልጄን አየች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ «ክቡር ሹሙ ዘንድ ስትሄድ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ» አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የሚባል አልነበረም።

«ይሂዱ አባባ፤ ደግ ነው። ግን ስትጠይቅ አያቋርጧት።»

ስለዚህ በሚመጣው ሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከጫልቱ ጋር ደጅዎ እንገኛለን። ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ ይዛለች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አንዲት ቃል ሳልናገር አዳምጣለሁ፤ ወደ እኔ ዞረው ቢያናግሩኝም አልመልስልዎትም። ይህ ክቡርነትዎን ከመናቅ ሳይሆን አምስት ዓመት ዘግይቶ ከመጣ ትምህርት የመነጨ መሆኑን ከወዲሁ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ጣራዎ እንዳያፈስ፣ የሚወልዷቸውም ልጆች ሁሉ በየሙያቸው እንዲውሉ ከቤተሰቦቼ ጋር እየጸለይኩ፣ የክቡርነትዎን ቃል ከልጁ ቃል አስበልጦ በማመን ታማኝነቱን ያስመሰከረው፣

ታዛዥዎ
ዱባለ ወልደሰንበት
የማርና የኮረሪማ ነጋዴ፣ ኮልፌ

በተጨማሪ፦ ገጽ ሰባት ላይ ያተሙት ፎቶግራፍ ልጄ ወደ ሆላንድ በሄደችበት ቀን የተነሣ፣ ለመዝገብዎ ተጠይቀን የሰጠነውና ቅጂ የሌለን ነው። እየሳቀች የተነሣችው ሌላ ፎቶግራፍ ቤታችን ውስጥ የለም፤ እናቷ ሁሉንም ሣጥን ፈትሻ አጥታለች። መጽሔቱን አትመው ሲጨርሱ እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ። ቦታው ባዶ እንዳይቀርብዎ በምትኩ አሁን ያለችውን ብርቅዬን፣ መጋዘኑ በር ላይ በርጩማዋ ላይ እንደ ተቀመጠች፣ ፎቶግራፍ አንሺ ወስጄ አስነሥቼ አመጣልዎታለሁ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ መለወጥ አያስፈልግዎትም።